የእህል ዘር ሰብሳቢው የኒቆላይ ቫቪሎቭ ታሪክ

ከዓባይ በረሃ ተነሥቶ በደጀን በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ከደብረ ማርቆስም ወደ ጮቄ ተራራ የሚወጣ መንገደኛ በጥቂት ቀን ጕዞ ብዙ የእህል ዓይነት ያያል። በታች በቆላው ማሽላ ይበቅላል። ሽቅብ ወጥቶ ከሜዳው ሲደርስ ጤፍና ስንዴ፣ ኑግና ሽንብራ፣ ባቄላና አተር ያገኛል። ወደ ጮቄ ሲቃረብ ብርዱ ይጠነክራል፤ ጤፉ ይቀርና ገብሱ ይበዛል። ገብሱም ቢሆን አንድ ዓይነት አይደለም። ነጭ አለ፤ ጥቁር አለ፤ ፈጥኖ የሚደርስ አለ፤ ዘግይቶ የሚደርስ አለ። አንዱ ለቆሎ ይመረጣል፤ አንዱ ለጠላ ብቅል ይሻላል፤ አንዱ ለበሶ ይወደዳል። የቤት እመቤት ጎታዋን ከፍታ እህሉን በእጅዋ ስትዘግን የትኛው ለምን እንደሚሆን ሳትጠይቅ ታውቃለች።

ይህን ሁሉ ባላገሩ ከአባቱ ተምሮ ያውቀዋል። በሩቅ አገር የነበሩ ሊቃውንት ግን ለረጅም ዘመን አላወቁትም ነበር። የኢትዮጵያ ደጋ ከዓለም የእህል መገኛዎች አንዱ መሆኑን ተመልክቶ ለዓለም ሁሉ የገለጠ አንድ የመስኮብ ሰው ነው፤ ስሙም ኒቆላይ ኢቫኖቪች ቫቪሎቭ ይባላል። ዓመተ ምሕረቱ በዚህ ታሪክ የሚቈጠረው እንደ ፈረንጆች ነው፤ በእኛ አቈጣጠር ሲሆን ግን በስፍራው ይነገራል።

ቫቪሎቭ በኅዳር ወር 1887 ዓ.ም. በሞስኮ ከተማ ተወለደ። እርሱ ገና ሕፃን ሳለ በእኛ አገር ክፉ ቀን የተባለው ዘመን መጣ፤ ከብቱ በደዌ አለቀ፤ በሬ ስለ ጠፋ እርሻው ጦሙን አደረ፤ ብዙ ሰውም በራብ ሞተ። በዚያው ወራት፣ በ1891 እና በ1892 ዓ.ም. በመስኮብም ጽኑ ራብ ሆነ። ሁለቱ አገሮች እጅግ የተራራቁ ነበሩ፤ መከራቸው ግን አንድ ነበረ።

የቫቪሎቭ አባት የድኻ ገበሬ ልጅ ነበረ። በልጅነቱ ወደ ሞስኮ መጥቶ በቤተ ክርስቲያን ከመዘምራን ጋራ ይዘምር ነበር፤ ኋላም በሱቅ ተቀጥሮ ቀስ በቀስ ባለጠጋ ነጋዴ ሆነ። ልጁም እንደ እርሱ ነጋዴ እንዲሆን ፈልጎ የንግድ ትምህርት ቤት አስገባው። ልጁ ግን ሣርና ቅጠል መልቀም፣ አበባ ማድረቅና መጻሕፍት ማንበብ ይወድ ነበር። ትምህርቱን ከጨረሰ በኋላ የአባቱን ንግድ ትቶ በሞስኮ ወዳለው የእርሻ ትምህርት ቤት ገባ። በዚያ የመጨረሻ ጽሕፈቱን የጻፈው ስለ ትንሽ ነገር ነው፤ ይኸውም በማሳ ላይ ቡቃያ እየበላ የሚያጠፋውን ቅርፊት የሌለውን ቀንድ አውጣ መርምሮ ነው። በ1911 ዓ.ም. ትምህርቱን ፈጸመ። ታናሽ ወንድሙ ሰርጌይም በኋላ ስለ ብርሃን ተፈጥሮ የሚመረምር ታላቅ ሊቅ ሆኗል።

በ1913 ዓ.ም. ቫቪሎቭ ወደ እንግሊዝ አገር ሄዶ ዊልያም ቤትሰን ከሚባል ሊቅ ዘንድ ተማረ። ቤትሰን፣ ልጅ ከወላጁ መልክንና ጠባይን እንዴት እንደሚወርስ ለሚመረምረው ትምህርት ጄኔቲክስ የሚል ስም ያወጣ ሰው ነው። የዚህ ትምህርት መሠረት የተጣለው በአንድ መነኵሴ የአተር መደብ ላይ ነበር። ግሪጎር ሜንዴል የሚባለው ይህ መነኵሴ ድቡልቡሉን አተርና ጭምድዱን አተር እያዳቀለ፣ በልጅ በልጅ ልጅ የሚወጣውን ፍሬ እየቈጠረ ሥርዓቱን አገኘ። ጽሕፈቱ በ1866 ዓ.ም. ታትሞ ሳለ እስከ 1900 ዓ.ም. ድረስ ልብ ብሎ ያየው ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። ቫቪሎቭ ይህን ትምህርት ይዞ ወደ አገሩ ተመለሰ።

በ1916 ዓ.ም. በታላቁ ጦርነት ጊዜ በፋርስ አገር የሰፈሩ የመስኮብ ወታደሮች እንጀራ በበሉ ቍጥር እንደ ሰካራም እየዞረባቸው ይታመሙ ጀመር። ምክንያቱን እንዲመረምር ቫቪሎቭ ተላከ። ስንዴውን በመዳፉ ዘርግቶ ቢያየው በውስጡ እንክርዳድ ተቀላቅሎበት ነበር። የጎጃም ልጅ ይህን ቢሰማ ብዙ አይደነቅም፤ እንክርዳድ ያልተለቀመለት እንጀራ ራስ እንደሚያዞር እናቱ ነግራዋለችና። ቫቪሎቭ ነገሩን ከገለጠ በኋላ ግን አልተመለሰም። እግረ መንገዱን የፋርስን አዝመራ እያየ፣ ዛላ እየቀጠፈ፣ ፓሚር እስከሚባሉት ታላላቅ ተራሮች ድረስ ወጣ። በመንገድም የድንበር ጠባቂዎች ሰላይ መስሏቸው ጥቂት ቀን አሰሩት። ከዚያ ጕዞ በኋላ ዘር ፍለጋ የዕድሜው ሥራ ሆነ።

ከ1917 ዓ.ም. ጀምሮ ሳራቶቭ በምትባል ከተማ መምህር ነበረ። ይህችን ከተማ ማስታወስ ይገባል፤ በታሪኩ መጨረሻ ትመለሳለችና። በ1920 ዓ.ም. በዚያው ከተማ ሊቃውንት በተሰበሰቡበት ጉባኤ አንድ አዲስ ሐሳብ አቀረበ። የሥጋ ዘመዳሞች የሆኑ አዝርዕት በመልካቸው ይመሳሰላሉ፤ በአንዱ የታየው ልዩ ልዩ መልክ በሌላውም ሊገኝ ይገባል አለ። ለምሳሌ ለዳቦ የሚሆነው ስንዴ በዛላው ላይ እንደ ጢም የቆመ ጠጕር ያለውም የሌለውም አለ። ጠንካራው ስንዴ ግን በዚያን ጊዜ ሁሉም ባለ ጢም ነበረ። እንግዲህ ጢም የሌለው ጠንካራ ስንዴ በአንድ ስፍራ ተሰውሮ ይኖር ይሆናል ብሎ አሰበ። የት እንዳለ ግን ገና አላወቀም።

በሚከተለው ዓመት ወደ ፔትሮግራድ ተጠርቶ የአዝርዕት ምርመራ ቤት አለቃ ሆነ፤ ከተማዪቱ ኋላ ሌኒንግራድ ተብላለች፤ ዛሬ ደግሞ ሴንት ፒተርስበርግ ትባላለች። ያ ዓመት በመስኮብ እንደ ገና ታላቅ ራብ የሆነበት ዓመት ነበረ። ድርቅን የሚችል፣ ብርድን የሚታገሥ፣ ዋግ የማይጥለው እህል እንዴት ይገኛል የሚለው ጥያቄ የልቡ ጭንቀት ሆነ። መልሱም ይህ መሰለው፤ አንድ እህል መጀመሪያ በሰው እጅ በተዘራበት ወይም ከጥንት ጀምሮ በኖረበት አገር ዓይነቱ እጅግ ይበዛል፤ በዚያ ብዛት ውስጥ ድርቅን የሚችለውም ደዌን የሚችለውም ይገኛል። ስለዚህ ወደ እነዚያ አገሮች ሄዶ ከገበሬው እጅ ዘር መለመን ያስፈልጋል። በ1924 ዓ.ም. አፍጋኒስታንን በፈረስ 5,000 ኪሎ ሜትር ያህል ዞረ። ከዚያም በሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ ያሉትን አገሮች አይቶ በ1926 ዓ.ም. መጨረሻ በጅቡቲ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገባ። ይህም በእኛ አቈጣጠር 1919 ዓ.ም. ነው።

በዚያን ጊዜ ንግሥት ዘውዲቱ በዙፋን ነበሩ፤ ራስ ተፈሪ መኰንን አልጋ ወራሽ ነበሩ፤ በደብረ ማርቆስም ጎጃምን የሚገዙ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ነበሩ። ቫቪሎቭ አዲስ አበባ ሲደርስ ራስ ተፈሪ ተቀበሉት፤ ስለ መስኮብ አገርም ብዙ ነገር ጠየቁት። ወደ ሰሜን አገር ለመጓዝም ፈቃድ አገኘ። በዚያ ዘመን ወደ ሰሜን የሚወስድ የመኪና መንገድ አልነበረም፤ የባቡሩም ሐዲድ አዲስ አበባ ላይ ያበቃ ነበር። መንገደኛ ሁሉ በበቅሎ ይጓዝ ነበር፤ የሚገበያየውም በጠገራ ብር ስለ ሆነ ገንዘቡ ራሱ ጭነት ነበረ። ቫቪሎቭ በቅሎና ሰው ሰብስቦ ጕዞውን ጀመረ። አንኮበርን አየ፤ ወደ ዓባይ ምንጭ አገር፣ ወደ ጣና ባሕርና ወደ ጎንደር ሄደ፤ ከዚያም በአክሱም አድርጎ በ1927 ዓ.ም. የጸደይ ወራት አሥመራ ወረደ።

ሌላ መንገደኛ ቢሆን ዓይኑን የሚጥለው በተራራው ግርማና በአድባራቱ ላይ ነበር። እርሱ ግን ከበቅሎው ወርዶ ማሳ ውስጥ ይገባ ነበር። በየገበያው የእህል ተራ ሲያይ ይቆማል፤ ከየከረጢቱ ጥቂት ጥቂት እየገዛ በትንንሽ ከረጢት ይቋጥራል፤ በከረጢቱም ላይ የስፍራውን ስም ይጽፋል። በአንድ የስንዴ ማሳ ውስጥ ብዙ ዓይነት ስንዴ ተቀላቅሎ መብቀሉ እጅግ አስደነቀው። በሌሎች አገሮች ገበሬ አንድ ዓይነት ብቻ እንዲዘራ ይመከር ነበር። የደጋው ገበሬ ግን የተቀላቀለ ዘር የሚዘራው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ዝናሙ ቢዘገይ አንዱ ይተርፋል፤ ውርጭ ቢመጣ ሌላው ይቆያል፤ ዋግ ቢወርድ ሦስተኛው ያመልጣል። ማሳው ሁሉ በአንድ ቀን አይጠፋም።

ቫቪሎቭ በኢትዮጵያ ደጋ ፍሬው ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ስንዴ አገኘ፤ ይህን የመሰለ ስንዴ በሌላ አገር የማይታወቅ ነበረ። የገብሱም ብዛት እንደዚሁ ነው፤ ሁለት ረድፍ ፍሬ ያለው፣ ስድስት ረድፍ ያለው፣ ቅርፊቱ በቀላሉ የሚለቅ፣ ጥቁር፣ ነጭ። ከሁሉም በላይ ልቡን ደስ ያሰኘው በሳራቶቭ ጉባኤ ሳያየው የተናገረለት ነገር ነበረ። ጢም የሌለው ጠንካራ ስንዴ በኢትዮጵያ ማሳ ውስጥ ቆሞ አገኘው። በጽሕፈት ያሰበውን በእጁ ቀጠፈው። ጤፍን፣ ኑግን፣ ዳጉሳንና እንሰትንም ተመለከተ፤ ቡናም እንደዚሁ የዚህ አገር ተወላጅ እንደ ሆነ አወቀ። ዘሩንም እያሸገ በፖስታ ወደ ሌኒንግራድ ሰደደ፤ በዚያም በመደብ ተዘርቶ ተመረመረ።

ከዚህ በኋላ ኢትዮጵያን ከዓለም የእህል መገኛዎች አንዷ ብሎ ጻፋት። ስለ ስንዴና ስለ ገብስ የጻፈው ሁሉ ግን ሳይለወጥ አልቀረም። ዛሬ ሊቃውንት ስንዴና ገብስ መጀመሪያ በሰው እጅ የተዘሩት በእስያ ምዕራብ እንደ ሆነ፣ ወደ ኢትዮጵያም በጥንት ዘመን ገብተው በተራራውና በሸለቆው መካከል እንደዚህ እንደ በዙ ያስተምራሉ። እርሱም ራሱ ሐሳቡን ከጊዜ ወደ ጊዜ ያርም ነበር። ጤፍና ኑግ ግን የኢትዮጵያ ናቸው፤ በዚህ ክርክር የለም።

ቫቪሎቭ በሌሊት አራት ወይም አምስት ሰዓት ያህል ብቻ ይተኛ ነበር ይባላል። ብዙ ቋንቋ ያውቅ ነበር። ወደ ቻይናና ወደ ጃፓን፣ ወደ ሜክሲኮና ወደ ደቡብ አሜሪካም ሄደ። በ1940 ዓ.ም. በሌኒንግራድ ቤት የተከማቸው ዘር 250,000 ዓይነት ያህል ነበረ፤ በዓለም ላይ ከዚያ የሚበልጥ የዘር ጎተራ አልነበረም።

በዚያ ወራት ትሮፊም ሊሴንኮ የሚባል ሰው ተነሣ። ይህ ሰው የገበሬ ልጅ ነበረ፤ የስንዴ ዘር አርጥቦ በብርድ ውስጥ በማቆየት ጠባዩን መለወጥና መከሩን በአጭር ጊዜ ማብዛት ይቻላል ይል ነበር። ቫቪሎቭ በመጀመሪያ ሊሴንኮን አመስግኖ ረድቶታል፤ በዚህ የዋህነቱ ኋላ ብዙ ተጐዳ። በ1932 እና በ1933 ዓ.ም. በአገሩ እጅግ ብዙ ሰው በራብ ስላለቀ ገዢዎቹ ፈጣን መከር ይሹ ነበር። ቫቪሎቭ አዲስ ዘር ማዳቀል ብዙ ዓመት ይፈጃል ሲል፣ ሊሴንኮ በጥቂት ዓመት እፈጽመዋለሁ ይል ነበር። የአገሩ ገዢ ስታሊን ፈጣኑን ተስፋ ወደደ። ሊሴንኮ የሜንዴልን ትምህርት ሐሰት ነው እያለ ይነቅፍ ጀመር፤ ትምህርቱን የሚከተሉ ሊቃውንትም አንዳንዱ ከሥራው ተባረረ፤ አንዳንዱ ታሰረ። ብዙዎች ፈርተው ቃላቸውን ለወጡ። ቫቪሎቭ ግን በመደብ ላይ ያየውን አላየሁም ለማለት እንቢ አለ።

በነሐሴ ወር 1940 ዓ.ም. በምዕራብ ዩክሬን ተራሮች ዘር ሲሰበስብ ሳለ ሰዎች በመኪና መጥተው ወሰዱት። ባልንጀሮቹ ከረጢቱን ሲከፍቱ በዚያው ቀን የሰበሰበውን ጥንታዊ የስንዴ ዓይነት አገኙ። በሞስኮ እስር ቤት ብዙ ወራት ሌሊት ሌሊት ተመረመረ። በ1941 ዓ.ም. ክረምት አገር አጥፍቷል፣ ሰላይ ነው ተብሎ በሐሰት ሞት ተፈረደበት። የጀርመን ጦር ወደ ሞስኮ ሲቃረብ እስረኞች ወደ ሌላ ስፍራ ተወሰዱ፤ ቫቪሎቭም ወደ ሳራቶቭ ተላከ፤ በጕልማሳነቱ ወዳስተማረባት ከተማ ማለት ነው። በጠባብ ክፍል ከሌሎች እስረኞች ጋራ ተዘግቶ ሳለ ስለ አዝርዕት ያስተምራቸው ነበር። የሞቱ ፍርድ ኋላ ወደ 20 ዓመት እስራት ተለወጠለት።

ሚስቱ ኤሌና ባሩሊና እርስዋም የአዝርዕት ሊቅ ነበረች፤ ስለ ምስር ዓይነቶች ትልቅ መጽሐፍ ጽፋለች። በጦርነቱ ጊዜ ከልጅዋ ከዩሪ ጋራ ሸሽታ ሳራቶቭ ተቀመጠች። ባልዋ በሞስኮ ያለ መስሏት ከጥቂቱ ምግብዋ ቀንሳ እየቋጠረች ወደ ሞስኮ ትልክለት ነበር። እርሱ ግን በዚያችው ከተማ፣ ከቤትዋ ሳይርቅ ታስሮ በራብ ይደክም ነበር። ይህን የነገራት ሰው አልነበረም። ጥር 26 ቀን 1943 ዓ.ም. ቫቪሎቭ በእስር ቤቱ ሐኪም ቤት ሞተ። ዕድሜው 55 ዓመት ነበረ። እህል ለሰው ሁሉ እንዲበቃ አምስት አህጕር የዞረው ሰው የሞተው በራብ ደክሞ ነው።

የሌኒንግራድ የዘር ቤት ሰዎች አለቃቸው በሕይወት ይኑር ይሙት አላወቁም። እነርሱ ራሳቸው በሌላ መከራ ውስጥ ነበሩ። ከመስከረም 1941 እስከ ጥር 1944 ዓ.ም. የጀርመን ጦር ከተማዪቱን ከቦ ነበር፤ በከተማዪቱም ብዙ መቶ ሺሕ ሰው በራብ ሞተ። ምድጃ የሚነድበት እንጨት አልነበረም። የዘር ቤቱ ሰዎች ግን በሩን ዘግተው በተራ ይጠብቁ ነበር። አይጥ እንዳይገባ ዘሩን በቆርቆሮ ሣጥን ከተቱት። ድንቹ በቅዝቃዜ እንዳይበላሽ ያገኙትን እያነደዱ ምድር ቤቱን ያሞቁ ነበር። በዙሪያቸው በብዙ ኵንታል የሚቈጠር ስንዴ፣ ሩዝ፣ በቆሎና አተር ተቀምጧል፤ አንድም እፍኝ አልነኩም። የለውዙ ጠባቂ አሌክሳንደር ሽቹኪን በሥራ ጠረጴዛው እንደ ተቀመጠ ሞተ። የሩዙ ጠባቂ ዲሚትሪ ኢቫኖቭም በራብ ሞተ፤ በክፍሉ ብዙ ሺሕ የሩዝ ከረጢት ሳይጐድል ተገኘ። ሌሎችም እንደ እነርሱ ሞቱ። ከኢትዮጵያ የሄደው ዘርም በዚያው ቤት ነበረ።

ቫቪሎቭ ከሞተ በኋላ በ1944 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ኦስዋልድ ኤቨሪና ባልንጀሮቹ የዘር ውርስ የሚተላለፍበትን ነገር በምርመራ አሳዩ፤ ይህም ዲ.ኤን.ኤ. የሚባለው ነው። ሜንዴል በአተር የቈጠረው፣ ቫቪሎቭም በስንዴ ያየው ውርስ የሚጻፍበት ፊደል እርሱ ሆኖ ተገኘ። በ1955 ዓ.ም. የአገሩ ፍርድ ቤት በቫቪሎቭ ላይ የተፈረደውን ሻረ፤ ከብዙ ዓመት በኋላም የዘሩ ቤት በስሙ ተጠራ። በሳራቶቭ መቃብር ሐውልት ቆሞለታል።

በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ገብስን ቢጫ አድርጎ የሚያቀጭጭ ደዌ ሲነሣ፣ ያን ደዌ የሚችለው ጠባይ የተገኘው ከኢትዮጵያ ደጋ በሄደ ገብስ ውስጥ ነው። በ1976 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የኢትዮጵያ የራስዋ የዘር ቤት ተመሠረተ፤ ዶክተር መላኩ ወረደ ብዙ ዓመት መርተውታል። የዚያ ቤት ሠራተኞች ከየአውራጃው ገበሬ እጅ ዘር ተቀብለው፣ አድርቀውና አሽገው በታላቅ ብርድ ውስጥ ያስቀምጣሉ። በእያንዳንዱ ዕሽግ ላይም ዘሩ የተገኘበት ስፍራ ስም ይጻፋል።